የጓሳ ሣር ገመድ

ያ የአንቴና ምሰሶ በጠቅላላው ሦስት የብረት ቧንቧ፣ አንድ የጎረቤት ትከሻና አንድ ሽማግሌ ሠላሳ ዓመት ይዘውት የኖሩትን ሥራ አስከፍሏል። ቧንቧዎቹን የከፈልሁት እኔ ነኝ። ትከሻውን ወጌሻ ጠገነው። ሦስተኛውን ግን ወጪውን ያመጣሁት እኔ ሆኜ የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ያን ጊዜ ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት ሱቅ፣ ከሱቋ ጀርባም አንዲት ሻይ ቤት ነበረችኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም ከተማችን ገና መብራት አልገባላትም። ከበግ ፀጉር እስከ ኩራዝ ክር፣ ከባና፣ ከበግ ፀጉር ብርድ ልብሳችን፣ እስከ ምላጭ የማልነግደው አልነበረም። ትምህርቴ ገበያ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው ብል ብዙም አልዋሸሁ። ውሸትን ከዚህ በታች ስለምመጣበት እዚህ ላይ ልቆጥበው።

አንድ ጊዜ ለንግድ ወደ ዓለም ከተማ ወርጄ ሻይ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አየሁ። እውነቱን ለመናገር ያየሁት ቴሌቪዥኑን አይደለም፤ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ አፉን ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ፣ አስተናጋጇ ስትመጣ ምን እንዳዘዘ ሳያውቅ ሁለተኛ አዘዘ። እንዲህ ያለ ደንበኛ የሚያመርት ዕቃ ነው የምፈልገው አልሁ በልቤ። ከሰነበትሁ በኋላ ቴሌቪዥኑን፣ አንድ ትንሽ ጄኔሬተርና አንቴና ገዛሁ። የቀረው ምሰሶው ነበር።

ምሰሶውን እንዲሠራልኝ ያዘዝሁት የዓለም ከተማው በያጅ አገራችንን ያውቃታል። "ከተማችሁ ከጉብታው ጀርባ ተደብቃለች" አለኝ። "አንቴናውን ሃያ አራት ክንድ ካላወጣኸው በምስል ፋንታ የምታየው ነጭ ነጥብ፣ በረዶ ብቻ ነው።"

"በረዶ ለማየት ከሆነ እኛ አገር ቴሌቪዥን አያስፈልግም" አልሁት።

ሦስት ቧንቧ፣ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ቀጭን አድርጎ አንዱን ባንዱ ውስጥ እየሰካ በየደው። ወገቡ ላይና ጫፉ አጠገብ ሽቦ የሚታሰርበት ቀለበት አበጀለት። "በአራቱም በኩል በሽቦ ይወጠራል" አለኝ። "በየጎኑ ሁለት ሽቦ፣ አንዱ ከወገቡ፣ አንዱ ከጫፉ። ከታች በማጥበቂያ ብሎን ከካስማው ጋር ይያያዛሉ። ሽቦውን ለአራቱም ግዛ።"

እኔ ለሦስቱ ገዛሁ።

ምክንያት አላጣሁም። ምክንያት አጥቼ አላውቅም። መንዝን የማያውቅ ሰው ነፋስ ማለት ቅጠል የሚያወዛውዝ ነገር ይመስለዋል። የእኛ ነፋስ ከምሥራቅ፣ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ ጓሳውን፣ ያን የሣር ሜዳ፣ አቋርጦ ሲመጣ ቆርቆሮውን እንደ አበዳሪ ነው የሚያንኳኳው። ስለዚህ እንዲህ አሰብሁ፦ ነፋሱ ከምሥራቅ ከመጣ ምሰሶውን የሚይዘው የምሥራቁ ሽቦ ነው። ሰሜንና ደቡብ ያግዙታል። የምዕራቡ ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር ላልቶ ይንጠለጠላል እንጂ ምን ሸክም አለበት? ሥራ ለሚፈታ ሽቦ ምን አስከፈለኝ? በዚያ በኩል ገመድ ይበቃል። ይህን ሳስብ በራሴ በጣም ተደስቼ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

በከተማችን ስለ ገመድ የሚጠየቁ አንድ ሰው ነበሩ። ለጥምቀት ታቦቱ የሚያርፍበትን ድንኳን፣ ለለቅሶም የእድሩን ድንኳን የሚተክሉት እሳቸው ነበሩ። ቄስ አይደሉም፣ ዲያቆንም አልነበሩም። ገብሳቸውን ዘርተው፣ በጋቸውን አርብተው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ድንኳን በሚተከልበት ቀን ግን ቄሱም የቀበሌው ሊቀ መንበርም "እዚህ ያዝ፣ እዚያ ልቀቅ" ሲሏቸው ይታዘዛሉ። ገመዱንም ራሳቸው ነበሩ የሚያከሩት። ጓሳው በአገሬው ስምምነት ዓመታት ተዘግቶ ሲከፈት ሌላው ሰው ለቤቱ ክዳን ያጭዳል፤ እሳቸው ከዚያ ሁሉ ሣር ረጅም ረጅሙን እየመረጡ ለገመድ ያስቀምጣሉ።

ቤታቸው ሄጄ፣ "አባባ፣ ጥሩ ገመድ ፈልጌ ነበር" አልኋቸው።

"ለምን?"

"ለምሰሶ ነው።"

"ስንት ቀን ይቆማል?"

"ኧረ እስካለ ድረስ ነዋ!"

ሳቁ። "የእኔ ድንኳን ቢበዛ ሦስት ቀን ቆሞ ይጠቀለላል። ያንተ ዓመቱን ሙሉ ሊቆም? ሣር እኮ ነው ልጄ። ውሃ ሲጠጣ ያጥራል፣ ፀሐይ ሲመታው ይረዝማል። እንደ ብረት አንድ ቃል የለውም።"

"ሽቦ እስካመጣ ብቻ ነው።"

"መቼ ታመጣለህ?"

"በሚቀጥለው ጉዞ፣ በእውነት።"

"ነጋዴ ሲምል ደስ ይላል" አሉና ገመዱን ከግድግዳው አወረዱ። "እንዴት አድርገህ ልትወጥረው ነው ደግሞ? እኔ ካልመጣሁ ሰው ላይ ትጥለዋለህ።" ሳልጠይቃቸው ነው እንግዲህ የመጡት።

ምሰሶውን አሥራ አምስት ሰው ሆነን አቆምነው። ማቆሙ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ማስተካከሉ ነው። እኔ ለዚህ ብዬ ከግንበኛ ቱንቢ ተውሼ ነበር። ሽማግሌው ክሩ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው፣ "ይህን ለባለቤቱ መልስ" አሉኝ። "ለድንጋይ ነው እሱ። ድንጋይ አይወዛወዝም።"

ከዚያ ጋቢያቸውን መሬት ላይ አንጥፈው፣ ራሳቸውን ከምሰሶው ሥር አድርገው በጀርባቸው ተኙ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በቧንቧው ርዝመት ወደ ሰማይ ያያሉ። ተኝተው ያዛሉ፤ እኔ ከካስማ ካስማ እሮጣለሁ።

"የሰሜኑን የወገቡን፣ ግማሽ ዙር አጥብቅ። አሁን ወደ ደቡቡ ሂድና ግማሽ ዙር አላላ። ምን ትቆማለህ? አንዱን አጥብቀህ ማዶውን ካልለቀቅህለት ቧንቧው የት ይግባ? ይጎብጣል እኮ!"

መጀመሪያ የወገቡን ብቻ አስተካከሉ። የጫፉን እንድነካው አልፈቀዱም። የወገቡ ቀጥ ካለ በኋላ ወደ ጫፉ አለፍን። እሱን ከወገቡ ላላ አድርገው ተዉት። "ላዩን እንደ ታቹ ካነቅኸው ነፋስ ሲመታው መተንፈሻ ያጣል፤ መጋጠሚያው ላይ ይሰበራል" አሉኝ። ቀጥሎ ተነሥተው እያንዳንዱን ሽቦ በጠቋሚ ጣታቸው መታ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሰሜኑና ደቡቡ አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ ብሎኗን ሩብ ሩብ ዙር አስነኩኝ። ለእኔ ሁሉም "ድም" ነው የሚሉት። እሳቸው ግን፣ "ይኸኛው ከፍ ብሏል፣ ትንሽ አውርደው" ይሉኛል፤ ሳወርደው እውነትም ምሰሶው ሲቃና አየዋለሁ።

"አሁን ጨረስን?" አልሁ ላቤን እየጠረግሁ።

"አሁን ቁጭ እንልና ነፋስ እንጠብቃለን።"

"ነፋስ መጥቶ ምን ያደርግልናል?"

"ይፈርድልናላ። ነፋስ በሌለበትማ ማንም ቀጥ ብሎ ይቆማል።"

ነፋሱ ብዙ አላስጠበቀንም። የምሥራቁ ሽቦ ተገተረ፣ የምዕራቡ ገመድ ላልቶ ሆዱን ጣለ። ገመዱ ማጥበቂያ ብሎን ስለሌለው በመካከሉ አንድ አጭር እንጨት ሰክተው ጠመዘዙት፤ ሆዱን ሰበሰበ። እንጨቷን ከገመዱ ጋር አሰሯትና ጠሩኝ።

"ስማኝ። በየቀኑ፣ ጉሙ ከገደሉ ሳይወጣ፣ ይህችን እንጨት መልሰህ ገመዱን ሁለት ጣት አላላው። ድንኳንም እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ሲመሽ ሁለት ጣት፣ ጤዛ ይጠጣልኛል። አንተም አስቀድመህ ብታላላለት ጉሙን ሲጠጣ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳታላላው ከቀረህ ግን እያጠረ ምሰሶውን ወደ ምዕራብ ይጎትታል። ሽቦው አይበጠስም። የምሥራቁን ካስማ ነው የሚነቅልብህ። በበልግ መሬቱ ገንፎ ነው።"

እንዲህ አድርገው ነው የነገሩኝ። ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የተነገረኝ ነገር በሕይወቴ የለም።

አንድ ጣጣ ነበረው። ገመዱ ሁለት ጣት ሲላላ ምሰሶው ጥቂት ወደ ምሥራቅ ይሰግዳል፤ አንቴናውም አብሮ ይዞራል። ምስሉ በረዶ ይሆናል። ገመዱ ጉሙን ጠጥቶ እስኪጠብቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አዘቦት ቀን ግድ የለም። ያን ሰዓት ጄኔሬተሩንም አላስነሣውም ነበር።

ሻይ ቤቴ ሞላች። ከሁለት ሰዓት መንገድ በፈረስ መጥቶ ዜና አይቶ የሚመለስ ሰው አየሁ። ዜናውን ከማየቱ ይልቅ አንባቢው ከረባት እንዴት እንዳሰረ ነበር የሚከራከረው።

በቀጣዩ ጉዞዬ ዓለም ከተማ ገባሁ። ሽቦው ነበረ። ከሱቁ በር ላይ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አየኝ፤ አየሁት። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ በጾም ወተትና ቅቤ ሲቀር ሰው ሻይ ነው የሚያበዛው። ሻይ ደግሞ ስኳር ይፈልጋል። ምሰሶዬ ቆሟል፣ ምስሌ ጠርቷል። በሽቦው ፋንታ ሁለት ጆንያ ስኳር ጫንሁ።

ስመለስ ሽማግሌው ጠየቁኝ። "ሽቦውስ?"

"ጠፍቷል አሉኝ አባባ። ከአዲስ አበባ አልመጣም።"

"እንግዲያ ገመዳችንን እንጠብቅ" አሉ። *እንጠብቅ* ነው ያሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጾሙ ዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ሲወጡ በሻይ ቤቴ በኩል አልፈው፣ እኔን እንኳ ሳይጠሩ፣ እንጨቷን ፈትተው ሁለት ጣት አላልተው ይሄዳሉ። ጠዋት ደግሞ መልሰው ያጠብቃሉ። አንድ ጠዋት ሻይ ልስጥዎ ብላቸው፣ "በጾም ከቅዳሴ በፊት ሻይ የምትሰጥ አንተ ብቻ ነህ" ብለው ሳቁብኝ።

በጾሙ አጋማሽ መርሐቤቴ ያለች ልጃቸው ታመመችና ሊጠይቋት ሄዱ። ከመንገዳቸው ወጣ ብለው ወደ ሱቄ ብቅ አሉ። "ሁለት ጣት፣ አደራህን" አሉኝ፤ ሁለት ጣታቸውንም አሳዩኝ፤ መዘንጋቴን የፈሩ ይመስል።

አልዘነጋሁም። ዘንግቼው ቢሆን ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ።

ቅዳሜ ነበር። ልጆቻችን ባሕር ማዶ አገር አቋራጭ የሚሮጡበት ቀን ነው። ሰዉ ከገበያው ተጠራርጎ መጣ። ወንበሩ ሞላ፣ ጆንያው ላይ ተቀመጡ፣ ባንኮኒው ላይ ወጡ። ባና የሚሠራው ጎረቤቴ ደግሞ ሻይ ላለመግዛት ሲል በምዕራብ በኩል ካለው መስኮት ውጭ ቆሞ ያያል። "ምነው አትገባም?" ስለው፣ "አየሩ ይሻለኛል" ይለኛል። ያ ብርድ አየር ከሆነ።

የሴቶቹ አልቆ የወንዶቹ ሲጀመር በበሩ በኩል ጉሙን አየሁት። ከገደሉ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ ውጦታል። ካፊያውም አብሮት ነበር። ማድረግ ያለብኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወጥቶ፣ እንጨቷን ፈትቶ፣ ሁለት ጣት። ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ነገር ግን ልክ እንዳላላሁት ምስሉ በረዶ ነው። ግማሽ ሰዓት በረዶ ማለት ደግሞ ሩጫው አለቀ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው ምን ይለኛል? ሌላ ጊዜስ ይመጣል?

አንዱ ከመካከል፣ "በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ፈጀን!" አለ።

ዘጋሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ በሩን ዘጋሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምሥራቁን ሽቦ ሰማሁት። ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ እኔ ግን ሰማሁት። ሽማግሌው በጣታቸው መታ ሲያደርጉት "ድም" ይል የነበረው አሁን ነፋሱ ብቻውን ቀጭን አድርጎ ያስጮኸዋል። ድምፁ ደግሞ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል። የእሳቸውን ጆሮ አልታደልሁም፤ ያን ግን መለየት አላቃተኝም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁት።

በመጨረሻው ዙር ልጆቻችን ሁለት ሆነው ከፊት ወጡ። ሰዉ ቆመ። እዚህ ላይ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ተሳበና በረዶ ሆነ።

"ኧረ አስተካክለው! አንተ ሰውዬ፣ አስተካክለው!"

የካስማው መነቀል እንደ ጥይት ነው የተሰማው። ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ የሆነ ነገር ተጋጨ፣ ቀጥሎ አጥሩ ተሰበረ፣ ቀጥሎ መስኮቱ ላይ የነበረው ጎረቤቴ ጠፋ። ስንወጣ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ ቀኝ ትከሻውን ይዟል። ቧንቧው ትከሻውን መትቶት አጠገቡ ወድቋል። አንድ ክንድ ወደ ግራ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ራሱን ነበር የሚያገኘው። ፊቱ አመድ መስሎ፣ "በነጻ በማየቴ ነው እግዜር የቀጣኝ" አለኝ። ማን እንዳሸነፈ ያወቅነው በማግሥቱ በሬዲዮ ነው።

ወጌሻው የትከሻውን አጥንት መልሶ አሰረለት። እስከ ክረምት ድረስ ባና መሥራት እንደማይችል ነገረው።

ሽማግሌው ሐሙስ ዕለት ተመለሱ። ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ሻይ ቤቱ መጡ። ሰው አብሯቸው ተከትሎ ነበር። የተኛውን ምሰሶ ዞሩት፣ የተነቀለውን ካስማ ጉድጓድ በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ገመዱን አንሥተው በጣታቸው መካከል አሹት። ገመዱ ደኅና ነው፤ አንድ ክር አልተበጠሰም።

ቀና ብለው አዩኝ። "አላላኸው ነበር?"

በዙሪያችን የቆሙት ምናልባት ሃያ ሰው ይሆናሉ። ከእነሱ መካከል የጎረቤቴ ሚስትም አለች።

"አላላሁት አባባ።"

"ስንት?"

"ሁለት ጣት። እንዳሉኝ።"

"ጉሙ ሳይገባ?"

"ሳይገባ።"

ይጠራጠራሉ ብዬ ነበር። ቢጠራጠሩኝ፣ ቢቆጡኝ፣ "ትዋሻለህ አንተ ሌባ" ቢሉኝ ምናልባት እመልስ ነበር። አልተጠራጠሩም። እጃቸውን ነው ያዩት፤ ገመዱን የያዘውን እጃቸውን። "ሠላሳ ዓመት ሁለት ጣት ነው ያላላሁት" አሉ ቀስ ብለው። "እንግዲያ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሳከረው አልተስተካከለልኝም፤ አለዚያም ካስማውን ሳላጠልቅ ነው የተከልሁት።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ነገሩ የተጎዳው ሰው ካሳ ነው። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምሰሶው ያንተ፣ ቤቱ ያንተ፣ ሻዩ ያንተ። ምን ትላለህ?" አለኝ።

አፌን ሳልከፍት የድንኳኑ ሰው ተነሡ። "ልጁ ያልሁትን አድርጓል። ጥፋቱ የእጄ ነው። እኔ ነኝ የምክሰው" አሉ። አንድ ጠቦት ለጎረቤቴ እንደሚሰጡ ተናገሩ። እኔም ተነሥቼ፣ "አባባ ብቻቸውን አይከፍሉም፤ እኔም አንድ ጠቦት እጨምራለሁ" አልሁ።

ደግነቴ ተመሰገነ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መረቀኝ። አሜን ብዬ ተቀበልሁ።

የዚያኑ ሳምንት አባባ የድንኳኑን ዕቃ ቤት ቁልፍ ወስደው ለሰበካ ጉባኤው አስረከቡ። የደብሩ አለቃ ሊመልሱላቸው ቢሞክሩ፣ "ጎረቤት የሰበረ እጅ ታቦት ላይ ድንኳን አይተክልም" ብለው እምቢ አሉ። ለእኔ የነገረኝ የአለቃው ዘመድ ነው፤ እየሣቀ ነው የነገረኝ፣ የእርጅና መዘባረቅ መስሎት።

በተከታዩ ጥምቀት ድንኳኑን የተከሉት ሁለት ጎበዞች ነበሩ። ኃይል አላቸው፤ ገመዱን እስኪጮህ ድረስ ወጠሩት፤ ሲመሽም አንድ ጣት የሚያላላለት ሰው አልነበረም። ጠዋት ስንሄድ ሦስት ካስማ ተነቅሎ የድንኳኑ አንድ ማዕዘን በውርጩ ላይ ተኝቷል፤ መካከል የቆመው ተራዳም አዘንብሏል። ቄሶቹ በጥላ ከልለው ታቦቱን ይጠብቃሉ። ሕዝቡ ሁሉ ዓይኑን ወደ እሳቸው መለሰ። በርኖሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን በውስጡ ደብቀው በወንዶቹ መካከል ቆመዋል።

"አባባ፣ ኧረ ይምጡና ይንገሩን!" አለ አንዱ ጎበዝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ። "አዋቂ ነኝ ብዬ ሰው ሰብሬያለሁ።"

ከእሳቸው አምስት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምሁት። አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው። በዚያ ሕዝብ ፊት ያን ቃል ብናገር ሻይ ቤቴ ይዘጋል፣ ጎረቤቴ ይከሰኛል፣ የተመረቅሁት ምርቃት ይነሣል ብዬ አሰብሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ አሰብሁት። ስጨርስ ጎበዞቹ ድንኳኑን አቃንተው ነበር።

በዚያው ዓመት ሽቦውን ገዛሁ። ለአራቱም በኩል፣ ከሚያስፈልገው በላይ። ቧንቧውንም በአዲስ አሠራሁ፤ ካስማውን በድንጋይና በሲሚንቶ አስቀበርሁ። ምሰሶው ቆመ፤ ግን ማስተካከል አቃተኝ። አንዱን ሽቦ ሳጠብቅ ቧንቧው ይጎብጣል፣ ያንን ሳላላ አንቴናው ይዞራል። በሳምንቱ ሽማግሌውን ልለምናቸው ሄድሁ። የመጡት ስለጠየቅኋቸው እንጂ ስለፈለጉ አልነበረም።

ጋቢያቸውን አነጠፉ፣ ተኙ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽቦ ግን አልነኩም። "አንተ መታ አድርገውና እኔ ልስማ" አሉኝ። መታሁት። "የምዕራቡ ከፍ ብሏል፣ ሩብ ዙር አውርድ።" አወረድሁ። "አሁን የጫፉን። በቀስታ!" እንዲህ እያልን ግማሽ ቀን ዋልን። ምሰሶው በሕይወቴ አይቼው እንደማላውቅ ሆኖ ቀጥ አለ። ነፋሱ መጣ፣ ሽቦዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ አጉረመረሙ፤ ምሰሶው ጥቂት አጎንብሶ ተመለሰ።

"እጅዎ እኮ አልጠፋም አባባ" አልኋቸው። "ይኸው።"

"ይህ እጅ አይደለም። ጆሮ ነው።" ተነሥተው ተቀመጡ፣ ሣሩን ከጋቢያቸው ላይ አራገፉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ጠየቁኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ ሰው ስለበዛ ጥድፊያ ላይ ነበርህ። ምናልባት ጉሙ ከገባ በኋላ ይሆን ያላላኸው? ብትነግረኝ አልቆጣም። ገመዱ ቀድሞ ጠጥቶ ከሆነ ሁለት ጣት አይበቃውም፤ ያ ከሆነ ገመዱም እኔም ደኅና ነን ማለት ነው። ማወቅ ነው የምፈልገው።"

ሁለታችን ብቻ ነበርን። የሚሰማ ሰው የለም። መውጫ በር ራሳቸው ከፍተው ሰጡኝ፤ ሙሉውን እውነት እንኳ አልጠየቁም፤ ግማሿ ትበቃቸው ነበር። ጎረቤቴ ድኖ ባናውን ይሠራል፤ ካሳው ተበልቷል፤ ማንም አይከሰኝም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን አንዴ የተናገርሁትን መቀየር እንደ ሸቀጥ መመለስ ሆኖ ታየኝ። ሸቀጥ ሲመለስብኝ ደግሞ አልወድም።

"ሳይገባ ነው አባባ" አልኋቸው። "ገና ሳይገባ።"

"እሺ" አሉ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ሻይ ይጠጡ አልኋቸው፤ አመሰግናለሁ ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ዓመት አረፉ። እስከዚያ ድረስ ድንኳን አልተከሉም። በለቅሷቸው ቀን የእድሩን ድንኳን የተከሉት እነዚያው ጎበዞች ናቸው። ያን ቅዳሜ ገመዱን አልነካሁትም። አልነገርኋቸውም።